ሰርጉ ይለፍ

ጋሽ ሽኩር መሞታቸውን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከጉቴ ስመለስ መናኸሪያው በር ላይ አሳፈረኝ። ድሮ አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት፣ አሁን ጺም ያበቀለ ሰው ነው። «አካም ጅርታ፣ ባርሲስቱ?» አለኝ፤ እዚህ ነቀምቴ መምህርት ሁሉ የምትሰማው ሰላምታ ነው። ሰፈራችን ስንደርስ መንገዱ በሰው ተዘግቶ አየና ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ልብስ ሰፊው አርፈዋል እኮ። አልሰሙም እንዴ? ጠዋት ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበሯቸው።»

«የትኛው ልብስ ሰፊ?» አልኩት። እኔ ልብስ ሰፊ የምለው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ እያወቅኩ። ሰው መርዶ ላለመስማት የማያነሳው ሰበብ የለም።

«ጋሽ ሽኩር ናቸዋ» አለ።

እንባ አልመጣልኝም። የመጣብኝ ድካም ነው። ከባጃጁ ለመውረድ እንኳ በሩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ስለ እኚህ ሰው በአደባባይ መናገር የሚገባኝ አንድ ነገር ነበር። ቢጻፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ብናገረው ኖሮ ስማቸውን ይመልስላቸው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ ስል፣ እሳቸው ሳይሰሙት ተቀበሩ።

ጋሽ ሽኩር በልጅነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው ነቀምቴ የቀሩ ሰው ነበሩ። አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ዕድሜያቸውን እዚያ ጨረሱ። ቀጭን ናቸው። ሜትር ከአንገታቸው አይወርድም። መርፌያቸውን ነጩ ኮፍያቸው ላይ ይሰኩና ሰፈሩን በሙሉ መርፌ ፍለጋ ያስነሳሉ። «ኮፍያዎ ላይ ነው፣ ጋሽ ሽኩር» ስንላቸው፣ «እዚያ ማን አስቀመጠው?» ይላሉ፤ ከልባቸው ነው የሚጠይቁት። ኦሮምኛቸው የአገሬው ነው። አማርኛቸው ከብዙ ተማሪዎቼ ይሻላል። ስልጢኛ የሚናገሩት ሲናደዱ ብቻ ስለነበር፣ ስልጢኛቸውን የሰማ ሰው ጥቂት ነው።

ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም። መጀመሪያ ክሩን በጥርሳቸው ይበጥሳሉ፣ ከዚያ ነው የሚናገሩት። የሚናገሩትም አጭር ነው። አንድ ቀን የባሌን ሱሪ ልቀበል ሄጄ፣ ከፊቴ የነበረች ሴት የቀሚሷ ቅድ አልተሰፋልኝም ብላ ስትጮህባቸው ዝም ብለው ሰሟት። ስትሄድ፣ «እንዴት ይታገሷታል?» አልኳቸው። ክሩን በጠሱ። «ቅድ ይዞ የሚመጣ ሰው ቀኑ ነው የተቀደደበት። እኔ የምሰፋው ቀሚሷን ብቻ ነው» አሉኝ።

እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ የጎጃም። እናቴ እስላም የጠጣበትን ብርጭቆ በአመድ ታጥብ ነበር። ለማስተማር እዚህ ተመድቤ ስመጣ፣ እዚሁም ገመቹን አግብቼ ስቀር፣ ያላወቅኩትን ሌላ ዓይነት ኑሮ ያስተማሩኝ ጋሽ ሽኩር ናቸው። ማስተማራቸውንም አያውቁትም። በእኛ ሰፈር «ጋሽ ሽኩር፣ ዛሬ ጾም ነው እንዴ?» ብሎ የሚጠይቃቸው ክርስቲያን ብዙ ነበር። ወተት ያለው ሻይ ከመጋበዛቸው በፊት ቀኑን አስበው፣ «ለአንቺ ጥቁር ይምጣ፣ ነገ ነው የምትፈቺው» ይሉኛል። እኛም በረመዳን በበረንዳቸው ፊት ውሃ አንጠጣም። ማንም አላዘዘንም። የሳምቡሳው ሰልፍ ላይ ግን ግማሹ ክርስቲያን ነበር፤ ሳይጾም ለማፍጠር የሚቸኩል ሕዝብ እያሉ ይስቁብን ነበር።

እጅ መታጠብ እንኳ ከእነሱ ቤት ነው የለመድኩት። ገንዳ ውስጥ የተንቦጫረቀ ሰው ታጠበ አይባልም ይላሉ፤ ውሃው ከላይ መፍሰስ አለበት። ዛሬ ልጆቼ በሌላ ዓይነት መታጠብ አያውቁም። ክፍል ውስጥ ፈተናው መቼ ነው ሲሉኝ «ኢንሻላህ ማክሰኞ» የምለውም ሳላስበው ነው። አንዴ ቡሬ ሄጄ፣ «ኢንሻላህ ለፋሲካ እመጣለሁ» ብላት እናቴ ደንግጣ ማተቤ ከአንገቴ መኖሩን አየች።

አንድ ነገር ግን አንጋራም፤ ሥጋ። ክርስቲያን እስላም ያረደውን፣ እስላም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ስለዚህ ድግስ ያለበት ቤት ጓሮው ሁለት ነው። ወዲህ የክርስቲያን ምድጃ፣ ወዲያ የሙስሊም ምድጃ። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ገዝቶ፣ አራጅ ከመካከላቸው ይጠራል። በእኛ ሰፈር የሚጠሩት ጋሽ ሽኩር ነበሩ። ደሞዝ የለውም፤ ክብር ነው። ሃምሳ ሰው ያለ ጥያቄ የሚጎርሰው በእሳቸው እጅ ላይ ባለው እምነት ነው። «ማን ነው ያረደው?» ይባላል፤ «ሽኩር» ከተባለ ሁሉም እጁን ታጥቦ ይቀርባል።

ሲያርዱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በማለዳ፣ ቢላዋቸውን በኮት ገበር ቁራጭ ጠቅልለው ይመጣሉ። በጉን መጀመሪያ ውሃ ያጠጡታል። ቢላዋውን በጉ ፊት አይስሉም፤ አያሳዩትምም። ከዚያ ወደ ቂብላ ያዞሩታል። በእኛ ግቢ ቂብላ ከአቮካዶው ዛፍ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ወደ አንገር ጉቲን በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ይህንን በቤታችን የማያውቅ የለም። አማቴ አዴ ጫልቱ የቆየች ክርስቲያን ነበረች፤ ሽንት ቤት ስናሠራ ግን ግንበኛውን፣ «በዚያ በኩል አትቆፍር፣ የሽኩር ነው» ብላ ወደ ሌላ ጥግ ያዘዘችው እሷ ናት።

ወደ ሰርጉ ልመጣ ነው። ወደዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ይደክመኛል።

ሌንሴ የባሌ ታናሽ እህት ናት። እሷ ስትዳር እኔ ለዚያ ቤት ገና የሁለት ዓመት ሙሽራ ነበርኩ። አዴ ጫልቱ ክፉ አልነበረችም፤ ግን የወንድ ልጇን ሚስት ከሌላ አገር አልጠበቀችም። በኦሮምኛ ስንተባተብ ፊቷን ታዞር ነበር። የዚያን ቀን ጓሮውን ለእኔ ስትሰጠኝ፣ «እስቲ እናይሻለን» ማለቷ ነበር።

በዚያ ላይ ጊዜው ጥሩ አልነበረም። ሰፈራችን የሚቀባበረው በአንድ ዕድር ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። በዚያ ሰሞን ከሁለቱም ወገን «ለየብቻችን ብንሆን ይሻላል» የሚሉ ተነስተው፣ ዕድሩ ሊከፈል ደርሶ፣ በስንት ሽምግልና ነው የበረደው። በሙስሊሙ በኩል ሽማግሌ ሆነው ያስታረቁት ሐጂ ኑሩ ነበሩ። የሌንሴ ሰርግ ከዕርቁ በኋላ የመጀመሪያው ድግስ ነው። ወደ አርባ ሙስሊም እንግዳ ተጠርቶ ነበር። ሁሉም መጣ። መምጣታቸው ራሱ ወሬ ነበር።

የዕድሩ ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። የሙስሊሙ ድስት፣ ጭልፋና ጆግ ሁሉ እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር አለበት። ክሩ ከጋሽ ሽኩር መኪና የመጣ ነው። በየዓመቱ ያረጀውን ፈተው አዲስ ያስራሉ። በሙስሊሙ ምድጃ የምታበስለው ባለቤታቸው እትዬ ራህማ ነበረች። ጋሽ ሽኩር በማለዳ ያረዷቸው ሁለት በጎች በአንድ ትልቅ ድስት ውስጥ ገብተው፣ ወጡ ሊደርስ ሲል የዙሁር አዛን ተሰማ። እትዬ ራህማና ሁለቱ ሴቶች ለሶላት ወደ ጎረቤት ሲሄዱ፣ «የጎጃሟ፣ እሳቱን እያየሽልኝ» አለችኝ።

እሳቱን አየሁ። ወጡ ግን እየደረቀ ነበር። የሚያር ወጥ አይቶ ዝም የሚል እጅ የለኝም። ከጎኑ የክርስቲያኑ በሬ ቅልጥም ሲንተከተክ ያደረበት መረቅ አለ። ሳላስበው ጆግ አንስቼ ቀዳሁና ገለበጥኩበት። ደገምኩት። ወጡ ወዙ ተመለሰ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ሦስተኛውን ስቀዳ እጀታውን አየሁት።

ክር የለውም።

ቀና ስል ጋሽ ሽኩር አቮካዶው ሥር ቆመው ያዩኛል። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ቀስ ብለው መጡ።

«ምንድነው የጨመርሽበት?»

«መረቅ» አልኩ። «ከዚያኛው።»

ክር የሚበጥሱ ይመስል ጥርሳቸውን ገጠም አደረጉ። እጃቸው ላይ ክር አልነበረም። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። «ወጥቼ እነግራቸዋለሁ። ሳላውቅ ነው እላለሁ» አልኩ።

«እኔ አምንሻለሁ። እነሱስ?» አሉ። «አሁን ነው የታረቁት። አውቀው ሊያበሉን ነበር የሚል አንድ ሰው ይበቃል። ነገ ዕድሩ ሁለት ነው። አንቺም በዚህ ቤት…» የሙሽራዋን ቤት በር አዩ፤ አልጨረሱትም። «አይዞሽ፣ ኢንተላ ኮ። ዛሬ አትናገሪ። ሰርጉ ይለፍ።»

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም ነበር።

ከዚያ እጃቸውን አራገፉና ወደ ዳሱ ገቡ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁ። ሰዎቹ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል።

«ወንድሞቼ፣ ሥጋውን አትጠብቁ» አሉ ጋሽ ሽኩር። «ሁለተኛው በግ ላይ ቢላዋዬ ተንሸራቷል። ሥሩ በደንብ ሳይቆረጥ ነው ነፍሱ የወጣው። ሁለቱም በአንድ ድስት ነው የገቡት። አይበላም።»

መጀመሪያ የተናገሩት ሐጂ ኑሩ ናቸው።

«ይህን አሁን ነው ያወቅከው?»

«ማለዳ ተጠራጥሬ ነበር።»

«ተጠራጥረህ ነው ታዲያ እስኪበስል ዝም ያልከው? አርባ ሰው ልታበላ?»

«ጥፋት ነው። የእኔ ነው።»

«እጅህ ደክሟል፣ ሽኩር» አሉ ሐጂ ኑሩ። አልጮሁም። «ቢላዋውን አስቀምጠው።»

አርባው እንግዳ በተገኘው ሽሮና ጎመን በላ። ማርና ዳቦ ተጨመረላቸው። አዴ ጫልቱ ጓሮ መጥታ «ማል ታኤ?» አለች፤ ምን ተፈጠረ ማለቷ ነው። ሲነግሯት፣ «ምስኪን፣ አረጀ» አለችና ከንፈሯን መጠጠች። እንግዶቹ ሲወጡ በር ላይ ቆመን ስንሸኛቸው ይቅርታ የጠየቁን እነሱ ነበሩ። «የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ የገዛ ሰዋችን ነው ያሳፈረን» እያሉ የአማቴን እጅ ጨበጡ። እኔም እጄን ዘርግቼ ተጨበጥኩ። ይህቺን ነው መርሳት ያቃተኝ። የእምዬን ወደ አብዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ የሌላ ሰው ጥፋት ወደ ራሱ የሚለክክ ሰው ግን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወጡ ማንም የማይበላው ሆነ። እስላም ያረደው ስለሆነ ክርስቲያን አይነካውም፤ የክርስቲያን መረቅ ስለገባበት እስላም አይነካውም። ጋሽ ሽኩር ከአጥሩ ኋላ ጉድጓድ ቆፍረው ደፉት፤ አፈር መለሱበት። ድስቱን ራሳቸው ቧንቧው ሥር ቁጭ ብለው አሹት። «አመድ አምጪ» ብቻ ነበር የሚሉኝ። ደጋግመው አጠቡት፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ አንገታቸው ላይ ላቡ ይወርድ ነበር። ሲጨርሱ አረንጓዴውን ክር ፈትተው አዲስ አሰሩበት።

«ዋሹ እኮ፣ ጋሽ ሽኩር» አልኳቸው። ምን ልል እንደፈለግኩ አላውቅም። እሳቸውን ማመስገን አቅቶኝ ይሆናል።

«ሰው እንዳይጣላ የተዋሸ ነው። አላህ ይራራል ብዬ ነው» አሉ። «ባይራራም እኔ ነኝ የምጠየቀው» ብለው ድስቱን አንስተው ሄዱ።

ዕድሩ አልተከፈለም። እስከ ዛሬ አንድ ነው። እኔም በዚያ ቤት ቀረሁ፤ አዴ ጫልቱ ውላ አድራ ወደደችኝ፤ ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሰርግ በኋላ ግን ጋሽ ሽኩርን ለማረድ የጠራቸው የለም። ከመስጊዱ በኩል ሌላ ሰው ተገኘ። እሳቸው በድግሱ ይመጣሉ፣ ከዳር ይቀመጣሉ፤ «ማን ነው ያረደው?» ሲባል መልሱ ሌላ ስም ነው። ያን ጊዜ አቀርቅረው የኮታቸውን ቁልፍ ያያሉ። የሰው ቁልፍ ሲተክል የኖረ ሰው የራሱን ቁልፍ እንዲያ ሲያገላብጥ አይቼ፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ እየዞርኩ እደበቅ ነበር።

ለምን አልተናገርኩም? ሰርጉ ይለፍ ነበር ያሉት። ሰርጉ ሲያልፍ፣ ሌንሴ ታርግዝ አልኩ። ከዚያ አዴ ጫልቱ እያለች እንዴት አልኩ። አዴ ጫልቱ ስትሞት ሰበብ አለቀብኝ። ያን ጊዜ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ። ንጋትስ በራሱ ይጠራል፤ እውነት የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀውኝ ያውቃሉ። የደንብ ልብስ ሊለኩልኝ ሜትሩን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ «የሌንሴ ልጆች አደጉ፣ አይደል?» አሉኝ።

«አደጉ። ትልቋ ሰባተኛ ክፍል ናት» አልኩ።

«ማሻላህ» አሉ። ልኩን ጻፉ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ሰርጉ አልፏል ማለታቸው ነበር። ተመልሼ መሄድ ነበረብኝ። ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

አሁን አሁን በጓሮ የሚደግስ ቀርቷል። ሰርጉ በአዳራሽ ነው፤ ምግቡን የሚያዘጋጀው ድርጅት ነው። በአንዱ ጠረጴዛ ላይ «ሙስሊም» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፣ በቃ። ማን እንዳረደው የሚጠይቅ የለም። ከሁለቱም ወገን ወጣቶች ደግሞ ወደነዚያ ሰርግ ለምን ትሄዳላችሁ የሚሉ አሉ፤ መስማቱም ታክቶኛል። ባለፈው አንድ አዳራሽ ውስጥ አስተናጋጇ የአንዱን ጭልፋ በሌላው ሳህን ስትከት አየኋት። ደነገጥኩና ዙሪያዬን ቃኘሁ። የሚያያት ሰው አልነበረም። አቮካዶ ሥር የሚቆም ሰው የለም። ሮጬ ጭልፋውን አስቀየርኩ፤ ልጅቷ እንደ እብድ ነው ያየችኝ።

ጋሽ ሽኩር የተቀበሩ ዕለት ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ወንዶቹ ደጅ ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ ሴቶቹ ቤት ውስጥ። እትዬ ራህማ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። የስፌት መኪናው ጥጉ ላይ አንሶላ ለብሷል፤ ከበረንዳው አምጥተውታል። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ቀስ በቀስ ወጣ ሲሉ፣ ድፍረት አገኘሁ ልበል፣ ወይም ድፍረት የማያስፈልግበት ሰዓት ሆኖ ነው፤ ነገርኳት። መረቁን፣ ጆጉን፣ ሰርጉ ይለፍ ማለታቸውን።

እትዬ ራህማ አላለቀሰችም።

«ጆጉ ክር አልነበረውም?» አለች።

«አልነበረውም።»

«በጉስ?»

«በጉ ምንም አልሆነም። እጃቸው ምንም አልሆነም።»

ተነሣች። እጄን ያዘችና በወንዶቹ መካከል ወደ ድንኳኑ አስገባችኝ። እንዲያ ባለ ቦታ ሴት ገብታ አታውቅም፤ ሁሉም ቀና አለ። «ለእኔ የነገርሽኝን ለእነሱ ንገሪያቸው» አለችኝ።

ከሃያ ዓመት በላይ ሰው ፊት ቆሜ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ሁለቴ ጀመርኩት። ጨረስኩት ግን። ሐጂ ኑሩ አርጅተዋል፤ ሁለት እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ ደራርበው ነበር።

«ቢላዋውን አስቀምጥ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በሰው ፊት ነው ያልኩት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ ልጄ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ሰፈር» አልኩ።

እትዬ ራህማ ይዛኝ ወጣች። ወደ ቤት መስሎኝ ነበር፤ ወደ ጓሮ ዞረች። በጎች የሚታሰሩበት ካስማ አጠገብ ቆመች። በግ የለበትም፤ አንድ ያረጀ ገመድ ብቻ ተጠምጥሞበታል።

«ከሌንሴ ሰርግ በኋላ የመጣው አረፋ ላይ» አለች፣ «ለራሳችን ሊያርድ ቢላዋውን ስሎ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ በጉን ወደ ቂብላ አዙሮት ነበር። እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ልጆቼ ጥርጥር ያለበት አይበሉም አልኩት።»

ገመዱን አየሁት።

«አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ቢላዋውን ጠቀለለ። በየዓመቱ ሰው ሳያየው በማለዳ በጉን እየጎተተ ሊያሳርድ ወደ ሌላ ሰው ደጅ ይወስድ ነበር። እስከ ዘንድሮ።» ገመዱን ከካስማው መፍታት ጀመረች፤ ቋጠሮው እምቢ አላት። «ይህን ገመድ በየአረፋው በእጁ የማስጨብጠው እኔ ነበርኩ።»